ኦፕሬሽንስ ማኔጅመንትን በማስተርስ ደረጃ እንዴት እናጥና?

ከአካውንቲንግ ወይም ከማኔጅመንት የመጣ ተማሪ የኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት (የምርትና የአገልግሎት ሥራ አመራር) ኮርስን ስሌት ይፈራዋል። ከኢንጂነሪንግ የመጣው ደግሞ ማባዛትና ስኩዌር ሩት ብቻ ስለሚመስለው ይንቀዋል። የፈተናው ወረቀት ታርሞ ሲመለስ ግን ሁለቱም ነጥብ የጣሉት ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው። ቀመሩን በትክክል ጽፈውታል፤ ያስገቡት ቁጥር ግን መለኪያው የተሳሳተ ነው፣ ወይም ቀመሩ የሚሠራበት ሁኔታ በጥያቄው ውስጥ የለም።

ይህ መመሪያ በኤምቢኤ ውስጥ ኮርሱን ለሚወስዱ፣ በኦፕሬሽንስ ወይም በሰፕላይ ቼይን ማስተርስ ለሚማሩና መመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚሁ ዘርፍ ለሚሠሩ ነው። ሁሉንም ርዕስ እኩል አንዳስስም። ክምችት፣ ትንበያና የምርት መስመር ላይ እንቆያለን፤ ተማሪ በብዛት የሚደናቀፈውም፣ ሥራ ላይ በብዛት የሚያገለግለውም በእነዚህ ነውና።

ከመጀመሪያው ክፍል በፊት

በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለመማር የሚያመለክት ሰው ጋት የሚባለውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ለዚያ ፈተና የተደረገ የቁጥር ልምምድ ለዚህም ይጠቅማል፤ ግን አይበቃም። ኮርሱ የሚጠይቀው ሒሳብ ጠባብ ነው፦ የአንደኛ ዲግሪ ስታቲስቲክስ፣ ቀላል አልጀብራና ኤክሴል። ካልኩለስ እምብዛም አይነካም።

ራሳችሁን በዚህች ጥያቄ ፈትሹ። የአንድ ዕቃ የቀን ፍላጎት አማካዩ 40፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 10 ነው፤ የአንዱ ቀን ፍላጎት ከሌላው ቀን ጋር አይያያዝም። የ9 ቀን ፍላጎት አማካዩና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ስንት ነው? አማካዩ 360 ነው፤ ይህን የሚስት የለም። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ግን 90 ሳይሆን 30 ነው። የሚደመረው ቫሪያንሱ ነው፦ 9 × 100 = 900፣ ስኩዌር ሩቱ 30። 90 ብሎ የመለሰ ሰው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሳምንት ወስዶ ቫሪያንስንና ኖርማል ሥርጭትን ይከልስ። መጠባበቂያ ክምችት፣ የፕሮጀክት ጊዜና የጥራት ቁጥጥር ሦስቱም በዚህች ነጥብ ላይ የቆሙ ናቸው።

ከኤክሴል በኩል ሦስት ነገር ይበቃል፦ ፒቮት ቴብል፣ የኖርማል ሥርጭት ፈንክሽኖችና ምርጡን መልስ የሚፈልገው ሶልቨር። ሶልቨር ከኤክሴል ጋር አብሮ የሚመጣ ቢሆንም ከአድ ኢን ዝርዝር ውስጥ ካላበራችሁት አይታይም። እስከ 200 ተለዋዋጭ ይቀበላል፤ ለክፍል ሥራ ከበቂ በላይ ነው።

ለእያንዳንዱ ቀመር አንድ ገጽ

ስላይድ አትሞ ማስመር ለዚህ ኮርስ አይሠራም። አንድ ደብተር ለቀመር ብቻ ያዙ፤ ለእያንዳንዱ ቀመር አንድ ገጽ ስጡት። በገጹ ላይ አራት ነገር ይጻፍ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ግብአት በምን እንደሚለካ፦ በዓመት ነው በወር? በብር ነው በመቶኛ? ሁለተኛ፣ ቀመሩ ምን እውነት ነው ብሎ እንደተነሣ። ሦስተኛ፣ በእጅ የተሠራ አንድ ምሳሌ። አራተኛውን ብዙ ሰው ይተወዋል፤ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው፦ አንዱ ግብአት እጥፍ ቢሆን መልሱ በስንት ይቀየራል? ይህን ራሳችሁ አስልታችሁ ጻፉት።

ለ3 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት ከክፍል ውጭ 6 ሰዓት መድቡ። ግማሹን ጥያቄ በእጅ ለመሥራት ስጡት። የተሠራ ምሳሌን ማንበብ የገባን ያስመስላል፤ መልሱን ሸፍኖ መሥራት ግን ክፍተቱን ወዲያው ያሳያል። የቀረውን ሰዓት ለንባብና ያንኑ ጥያቄ በኤክሴል ለመድገም ከፋፍሉት።

ክምችት

ኢኦኪው በፎርድ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1913 የቀረበ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ዕቃ እንዘዝ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ቀመር ነው። የዓመት ፍላጎትን በማዘዣ ወጪና በ2 አባዙ፣ አንዱን ዕቃ ለዓመት የማከማቻ ወጪ በሆነው አካፍሉ፣ ስኩዌር ሩት አውጡ።

የዓመት ፍላጎቱ 12,000፣ የአንድ ትእዛዝ ወጪ 3,000 ብር፣ የዕቃው ዋጋ 500 ብር፣ የማከማቻ ወጪው በዓመት ከዋጋው 20 በመቶ ማለትም 100 ብር ይሁን። 2 × 12,000 × 3,000 ÷ 100 = 720,000፣ ስኩዌር ሩቱ 849 ገደማ። እዚህ ላይ የሚመጣው ስሕተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ፍላጎቱ በወር 1,000 ተብሎ ሲሰጥ ተማሪው 1,000ውን ያስገባና የማከማቻ ወጪውን በዓመት እንዳለ ይተወዋል። መልሱ 245 ይወጣል። መልሳችሁ ከትክክለኛው 3.46 ጊዜ ካነሰ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ 3.46 የ12 ስኩዌር ሩት ነው፣ ወርና ዓመት ተደባልቀዋል።

አሁን አራተኛውን የደብተር ጥያቄ እንመልስ። በ849 ፈንታ 1,200 ብታዙስ? በዓመት 10 ትእዛዝ 30,000 ብር፣ አማካይ ክምችት 600 ሲባዛ በ100 ደግሞ 60,000 ብር፣ ድምሩ 90,000። በ849 ያለው ድምር 84,853 ነበር። ትእዛዙ ከ40 በመቶ በላይ ጨምሮ ወጪው ያደገው በ6 በመቶ ብቻ ነው። እጥፉን ብታዙ እንኳ ጭማሪው 25 በመቶ ነው። ስለዚህ ኢኦኪው ላይ የመጨረሻውን አኃዝ ለማጥራት መድከም አያስፈልግም፤ አቅራቢው በ1,000 ካርቶን ብቻ የሚሸጥ ከሆነ 1,000 እዘዙ።

ገንዘብ የሚበላው ሌላ ቦታ ነው፤ ዕቃው የሚደርስበት ጊዜ መዋዠቅ። የቀን ፍላጎት አማካዩ 40፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 10፣ ዕቃው ከታዘዘ በኋላ የሚደርሰው በአማካይ በ30 የሥራ ቀን ይሁን። የዕቃ አለመጥፋት ዋስትናው 95 በመቶ እንዲሆን ከኖርማል ሥርጭት የሚወሰደውን ማባዣ፣ ዚን፣ 1.65 እንያዝ። መድረሻው ሁልጊዜ በትክክል 30 ቀን ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለው የፍላጎት ቫሪያንስ 30 × 100 = 3,000፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 54.8፣ በዚ ሲባዛ መጠባበቂያው 90 ይሆናል። መድረሻው ራሱ በ12 ቀን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከዋዠቀ ግን ሌላ ቫሪያንስ ይጨመራል፦ የቀን ፍላጎት በራሱ ሲባዛ 1,600፣ ያ ደግሞ በ144 (12 × 12) ሲባዛ 230,400። ድምሩ 233,400፣ ስኩዌር ሩቱ 483፣ መጠባበቂያው 797።

ከ90 ወደ 797። ፍላጎቱ አልተቀየረም፣ አማካዩ የመድረሻ ቀንም አልተቀየረም። የውጭ ምንዛሪ ተራ፣ የባንክ ኤልሲ (የክፍያ ዋስትና ሰነድ)፣ የጅቡቲ ወደብና የጉምሩክ ጊዜ ተጨምረው የሚያመጡትን መዋዠቅ ለሚያውቅ የኢትዮጵያ አስመጪ ይህች ስሌት የዕለት ኑሮው ናት። ፈተና ላይ ደግሞ «ኩባንያው መጠባበቂያውን እንዲቀንስ ምን ትመክራላችሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ራሷ ትሰጣለች፤ ትንበያ ከማሻሻል ይልቅ የመድረሻ ቀኑን ማረጋጋት ብዙ እጥፍ ይከፍላል።

አንድ ወጥመድ አለ። እንደገና የማዘዣ ነጥቡ የ30 ቀን ፍላጎት ሲደመር መጠባበቂያው፣ 1,200 + 797 = 1,997 ነው፤ የምናዝዘው ግን 849 ብቻ። ተማሪው ይደነግጣል፤ መጋዘን ውስጥ ያለው ከ1,997 በታች በሆነ ቁጥር ማዘዝ ካለብን በየቀኑ ልናዝ ነው? አይደለም። ከማዘዣ ነጥቡ ጋር የሚነጻጸረው መጋዘን ውስጥ ያለው ሲደመር ታዝዞ በመንገድ ላይ ያለው ነው። ብዙ የክምችት ፋይል የሚበላሸው «በመንገድ ላይ ያለ» የሚል ዓምድ ስለሌለው ነው።

ትንበያ

ተንቀሳቃሽ አማካይና ኤክስፖኔንሻል ስሙዚንግ ቀላል ናቸው። በሁለተኛው ውስጥ ለቅርቡ መረጃ የሚሰጠው ክብደት አልፋ ይባላል፤ አልፋ 0.2 ከ9 ጊዜ ተንቀሳቃሽ አማካይ ጋር ተቀራራቢ መሆኑን ማወቅ ይበቃል፤ 2 ÷ አልፋ ሲቀነስ 1። ለማንኛውም ዘዴ መጀመሪያ የምታወዳድሩት «የሚቀጥለው ወር እንደ አሁኑ ወር ነው» ከሚለው ባዶ ትንበያ ጋር ይሁን። እሱን ያላሸነፈ ሞዴል፣ ስሙ ምንም ቢያምር፣ ይጣል። ስሕተትን በመቶኛ የሚለካው ማፔ ደግሞ ፍላጎቱ ዜሮ የሆነበት ወር ካለ አይሠራም፤ በዜሮ ማካፈል ነውና። በዚያ ጊዜ ፍጹማዊ ስሕተትን በአማካይ የሚወስደውን ማድ ተጠቀሙ።

ወቅታዊነት ላይ ግን የመማሪያ መጽሐፉ ከእኛ ቀን መቁጠሪያ ጋር ይጋጫል። የወቅት ኢንዴክስ ሲሠራ ዓመቱ በ12 እኩል ወር ተከፍሎ «የካቲት ከአማካዩ በዚህ ያህል ይበልጣል» ይባላል። የወተት፣ የሥጋ ወይም የቅቤ ሽያጭ ላይ ይህን ብትሞክሩ ይከሽፋል፤ ፋሲካ ይንቀሳቀሳልና ከሱ በፊት ያለው የ55 ቀን ዐቢይ ጾምም አብሮ ይንቀሳቀሳል። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ፣ ጾሙ መጋቢት 2 ገባ። በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ፣ ጾሙ የካቲት 17 ገባ። ስለዚህ የ2016 የካቲት፣ ከረቡዕና ዓርብ እንዲሁም ከነነዌ ሦስት ቀን በቀር፣ የፍስክ ወር ነበር። የ2017 የካቲት ግን የመጨረሻዎቹ 14 ቀናት ጾም ናቸው። የሁለቱን ዓመት የካቲት አማካይ ወስዶ ኢንዴክስ ማውጣት ለሁለቱም የማይሆን ቁጥር መፍጠር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ወርን ትታችሁ እያንዳንዱን ሳምንት «ከፋሲካ በፊት ስንተኛ ሳምንት ነው» በሚል ቁጥር ሰይሙ፤ ወይም በሪግሬሽን ውስጥ በሳምንቱ ያሉትን የጾም ቀናት ብዛት እንደ አንድ ተለዋዋጭ አስገቡ። በኢትዮጵያ ወር ከሠራችሁ ጳጉሜን ለብቻው 13ኛ ወር አድርጋችሁ አትተዉት፤ 5 ወይም 6 ቀን ስለሆነ ሽያጩ የወደቀ ይመስላል። በቀን አማካይ ለውጡት። ሒሳብ ክፍሉ በፈረንጅ ወር፣ መጋዘኑ በኢትዮጵያ ወር የሚመዘግብበት ድርጅት ብዙ ነው። መረጃውን ከማዋሐዳችሁ በፊት ሁለቱንም ወደ ቀን አውርዱ።

የምርት መስመር

መስመር ማመጣጠንን፣ ማለትም ሥራን ለሠራተኞች በተመጣጠነ ጊዜ ማከፋፈልን፣ በልብስ ስፌት መማር ይሻላል፤ ሥራው ለዓይን ግልጽ ነው፣ እንደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉ ቦታዎችም በሰፊው የሚሠራበት ነው። የቲሸርት መስመር እንውሰድ። የሥራ ሰዓቱ ዕረፍት ተቀንሶ 450 ደቂቃ፣ የቀን ዕቅዱ 900 ቲሸርት። ታክቱ፣ ማለትም ለአንድ ቲሸርት የሚደርሰው ጊዜ፣ 27,000 ሰከንድ ÷ 900 = 30 ሰከንድ። ከእያንዳንዱ የሥራ ደረጃ በየ30 ሰከንዱ አንድ ቲሸርት መውጣት አለበት ማለት ነው።

ሥራዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ትከሻ መግጠም 22 ሰከንድ፣ የአንገት ሪብ (የሚለጠጥ የአንገት ጠርዝ) ማዘጋጀት 14፣ ሪቡ ላይ ሌብል መስፋት 12፣ ሪቡን አንገት ላይ መግጠም 28፣ ሁለቱን እጅጌ መግጠም 40፣ ጎንና ጎን መስፋት 44፣ የእጅጌ ጫፍ ማጠፍ 26፣ የታች ጫፍ ማጠፍ 24። ድምሩ 210 ሰከንድ። 210 ÷ 30 = 7፤ በንድፈ ሐሳብ 7 ሰው ይበቃል። ተማሪው 7 ብሎ ይጽፍና ይጨርሳል። ፋብሪካ ውስጥ ግን 7 ሰው ይህን አይሠራም።

ለምን? እጅጌውና ጎኑ እያንዳንዳቸው ከ30 በላይ ስለሆኑ ለየራሳቸው ሁለት ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። ሪብ ማዘጋጀትና ሌብል 26 ሆነው በአንድ ሰው ይያዛሉ። ሌሎቹ አንድ አንድ። ድምሩ 9 ሰው፣ የመስመሩ ብቃት 210 ÷ (9 × 30) = 78 በመቶ። ከዚህ ማሻሻል የሚቻለው ማሽኑን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። እጅጌም ጎንም ኦቨርሎክ በሚባለው ማሽን ይሰፋሉ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ብታደርጓቸው 84 ሰከንድ ይሆናሉ፣ ለሦስት ሰው ሲካፈል 28። ሦስቱ ሠራተኞች እያንዳንዳቸው እጅጌውንም ጎኑንም ይሰፋሉ። አሁን 8 ሰው፣ ብቃቱ 87.5 በመቶ። ጎን መስፋትን ከታች ጫፍ ጋር ማዋሐድ ግን አይሆንም፤ ጫፉ ፍላትሎክ በሚባል ሌላ ማሽን ስለሚሠራ ሠራተኛዋ ከማሽን ማሽን ስትመላለስ ያተረፋችሁት ሰከንድ ይጠፋል። የመማሪያ መጽሐፍ የቅደም ተከተል ሥዕል ይሰጣችኋል፤ የማሽን ዓይነት ግን አይጽፍም። በሥዕሉ ላይ ራሳችሁ በቀለም ለዩት።

እነዚያ ሰከንዶች ከየት መጡ? ከስቶፕዎች። ስንት ጊዜ መለካት እንዳለባችሁም ይሰላል። በሙከራ አማካዩ 28 ሰከንድ፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 4 ከሆነ፣ በ95 በመቶ መተማመንና በ5 በመቶ ስሕተት፦ 1.96 × 4 ÷ 1.4 (የ28 5 በመቶ) = 5.6፣ በራሱ ሲባዛ 31.4፣ ስለዚህ 32 ጊዜ። አምስት ጊዜ ለክቶ «ስታንዳርድ ታይም» ብሎ መጻፍ የተለመደ ድክመት ነው። የለካችሁትን አማካይ በሠራተኛዋ የፍጥነት ደረጃ፣ ከዚያም ለድካምና ለግል ጉዳይ በሚፈቀደው አባዙ፦ 28 × 0.9 × 1.15 = 29 ሰከንድ። ሠራተኛዋ እንደምትለካ ማወቅ አለባት፤ ተደብቆ መለካት ነውር ነው፣ ቁጥሩንም ያበላሻል። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ወይ ትፈጥናለች ወይ ትዘገያለች፤ እነዚያን ከስሌቱ አውጡ።

ከመስመሩ ሳትወጡ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠውን ሕግ ሞክሩ፤ በመስመሩ ውስጥ ያለው ብዛት ለምርት ፍጥነቱ ሲካፈል አንዱ ዕቃ በመስመሩ የሚቆይበትን ጊዜ ይሰጣል። በየማሽኑ መካከል የተከመረውን በከፊል ያለቀ ልብስ ቁጠሩ፤ 2,700 ይሁን። መስመሩ በቀን 900 ያወጣል። 2,700 ÷ 900 = 3 ቀን። 210 ሰከንድ፣ ማለትም ሦስት ደቂቃ ተኩል፣ ሥራ ያለው ቲሸርት ከመስመሩ ለመውጣት ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ቆጠራና አንድ ማካፈል ብቻ። ሕጉን ስትጠቀሙ ክምችቱ የማይጨምርና የማይቀንስ፣ የተረጋጋ ጊዜ ምረጡ፤ ሰኞ ጠዋት መስመሩ ገና ሲሞላ የተቆጠረ ቁጥር ያሳስታል።

ወረፋ

አንድ አገልጋይ፣ በሰዓት 9 ደንበኛ ይመጣል፣ በሰዓት 10 ማስተናገድ ይቻላል። ብዙ ሰው «አቅሙ ከፍላጎቱ በላይ ስለሆነ ወረፋ የለም» ይላል። መደበኛው የነጠላ አገልጋይ ቀመር ግን አማካይ የወረፋ ጊዜውን 54 ደቂቃ ያደርገዋል። አቅሙን ወደ 12 ብታሳድጉ 15 ደቂቃ ይሆናል። አቅም በ20 በመቶ አድጎ ወረፋው ከሦስት እጥፍ በላይ አጠረ። ምክንያቱ የአመጣጥና የአገልግሎት መለያየት ነው፤ ሥራ የበዛበት አገልጋይ ያመለጠውን ደቂቃ መልሶ አያገኝም። ቀመሩ ቀኑን ሙሉ የአመጣጥ መጠኑ አንድ ነው ብሎ ይነሣል። የደመወዝ ሰሞን ባንክ ላይ ይህ እውነት ስላልሆነ ቀኑን በየሰዓቱ ከፋፍላችሁ ሥሩ፣ ወይም ሲሙሌሽን ተጠቀሙ።

ጥራት

የቁጥጥር ቻርት ከዋልተር ሸዋርት የመጣ ነው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1924 ተሠራ። ተማሪውን የሚያጠፋው የቁጥጥር ወሰንንና የደንበኛን መስፈርት አንድ ማድረግ ነው። 100 ግራም መሆን ያለበት ዳቦ በየሰዓቱ 5፣ 5 እየተመዘነ አማካዩ 102 ግራም፣ አማካይ ሬንጁ (የትልቁና የትንሹ ልዩነት) 6 ግራም ወጣ እንበል። ለ5 ናሙና የሚያገለግለው ቋሚ 0.577 ስለሆነ ወሰኖቹ 102 ± 3.46፣ ማለትም ከ98.5 እስከ 105.5 ናቸው። ነጥቦቹ ሁሉ ውስጥ ከሆኑ ሒደቱ የተረጋጋ ነው።

ተረጋጋ ማለት ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም። መስፈርቱ ከ95 እስከ 105 ይሁን። ሬንጁን ለ5 ናሙና በሚያገለግለው ሌላ ቋሚ ስናካፍል የነጠላው ዳቦ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 6 ÷ 2.326 = 2.58። የሒደቱ ብቃት የመስፈርቱ ስፋት ለ6 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲካፈል ነው፦ 10 ÷ (6 × 2.58) = 0.65፤ መሐሉን ስለሳተ ወደ ላይኛው የመስፈርት ወሰን በኩል ያለው ብቃት (105 − 102) ÷ (3 × 2.58)፣ ማለትም 3 ÷ 7.74 = 0.39። ከ1 በታች ስለሆነ መስፈርቱን የማያሟላ ዳቦ በየቀኑ ይወጣል። እዚህ ላይ ጋጋሪውን መቆጣት ምንም አይለውጥም፤ የሊጥ መክፈያው ወይም ሚዛኑ መቀየር አለበት። ቻርቱ ላይ የመስፈርት መስመር አታስምሩ፤ በቻርቱ ላይ ያሉት የአምስት ዳቦ አማካዮች ናቸው፣ ደንበኛው የሚገዛው አንድ ዳቦ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ

ሊኒየር ፕሮግራሚንግ (በተሰጡ ገደቦች ውስጥ ምርጡን ዕቅድ መፈለግ) ላይ ሲምፕሌክስ የሚባለውን መፍቻ በእጅ መሥራት አንድ ሁለት ጊዜ ይበቃል። ፈተናውም ሥራውም የሚፈልገው የሶልቨርን ሪፖርት ማንበብ ነው፤ ሻዶው ፕራይስ (ገደቡ በአንድ ቢላላ ውጤቱ የሚቀየርበት መጠን) የሚሠራው ሪፖርቱ በሚሰጠው የመጨመሪያና የመቀነሻ ገደብ ውስጥ ብቻ መሆኑን አስታውሱ። በፐርት (የፕሮጀክት ጊዜ መገመቻ ዘዴ)፣ በወሳኙ መንገድ ማለትም የፕሮጀክቱን ርዝመት በሚወስነው ሰንሰለት ላይ ያሉትን ሥራዎች ቫሪያንስ ደምሩ፤ ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸውን አይደለም። ለሁለት ማሽን ቅደም ተከተል የጆንሰንን ደንብ በአሥር ደቂቃ መማር ይቻላል። ኤምአርፒ (ለምርት የሚያስፈልግ ዕቃ መቼና ስንት እንደሚታዘዝ የሚታቀድበት ዘዴ) ላይ ሠንጠረዡን በእርሳስ ሙሉ፤ አንድ ሳምንት ያለቦታው ከገባ ሁሉም ይዛባል።

መመረቂያ ጽሑፍ

በዘርፉ የሚቀርቡ ብዙ መመረቂያ ጽሑፎች አንድ መልክ አላቸው። ርዕሱ «የእገሌ አሠራር በእገሌ ድርጅት የሥራ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ» ይላል፤ ባለ አምስት ደረጃ መጠይቅ ይበተናል፣ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ሪግሬሽን ይሮጣል። ትልቁ ጉድለት አሠራሩንም አፈጻጸሙንም የሞላው ያው ሰው መሆኑ ነው። በድርጅቱ የተደሰተ ሠራተኛ ለሁለቱም 5 ይሰጣል፤ ሪግሬሽኑም ያንን ደስታ «ተጽዕኖ» ብሎ ያወጣዋል። መጠይቅ ለአስተያየት ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ለመዘግየት፣ ለብክነትና ለክምችት ግን ድርጅቱ ራሱ የመዘገበው ቁጥር አለ።

ያ ቁጥር የት ይገኛል? በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በሆስፒታል መጋዘን ሞዴል 19 ዕቃ የገባበትን፣ ሞዴል 22 የወጣበትን ቀን ይዟል፤ ቢን ካርዱ ደግሞ ቀሪውን። የግዢ ትእዛዙን ቀን ከሞዴል 19 ቀን ጋር አጋጥሙ፤ የመድረሻ ጊዜ አማካይና ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አገኛችሁ። ለአንድ ዕቃ 30 ትእዛዝ ካለ ከላይ ያየነውን ስሌት ሙሉውን መሥራት ይቻላል። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ፤ ቢን ካርዱ ላይ ወጪ ዜሮ የሆነበት ወር ፍላጎት ያልነበረበት ወር ላይሆን ይችላል። ቀሪው ዜሮ ከነበረ ሰው ጠይቆ ባዶ እጁን ተመልሷል። እነዚያን ቀናት ከአማካዩ አውጡ፤ ካላወጣችሁ ስሌቱ ዝቅተኛ ክምችት ይመክርና እጥረቱን ይደግመዋል።

ካይዘን፣ ከጃፓን የመጣው ቀጣይ የማሻሻል አሠራር፣ ተወዳጅ ርዕስ ነው። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 ከጃፓኑ የልማት ትብብር ድርጅት ጃይካ ጋር በ30 ድርጅቶች ላይ በተጀመረ ሙከራ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ከመረጣችሁት «ከካይዘን በፊትና በኋላ» ብቻ ብላችሁ አትለኩ፤ በዚያው ጊዜ አዲስ ማሽን ገብቶ፣ የመብራት መቆራረጥ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ካይዘን ያልገባበት ሌላ መስመር ወይም ሌላ ክፍል በዚያው ወራት ምን እንደሆነ አብራችሁ አሳዩ።

የትብብር ደብዳቤውን ከትምህርት ክፍላችሁ ቶሎ ውሰዱ፤ ድርጅቱ እስኪፈቅድ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ደብዳቤው ላይ «መረጃ እንዲሰጣቸው» ከሚል ጥቅል ቃል ይልቅ የምትፈልጉትን ሰነድ በስሙ አስጽፉ፦ ከዚህ ወር እስከዚያ ወር ያለ ሞዴል 19፣ ቢን ካርድ፣ የማሽን ብልሽት መዝገብ። መዝገቡን የያዘው ሰው የሚፈራው ያልተጠራ ነገር እንዳይወጣ ነው፤ ዝርዝሩን ሲያይ ይተባበራል።

የመከላከያው ቀን አስፈታኞች በብዛት የሚጠይቁት «ይህ ግብአት ቢሳሳትስ?» ነው። የማከማቻ ወጪውን 20 በመቶ ያላችሁት በግምት ከሆነ 15ንና 30ን አስገብታችሁ ምክራችሁ ይጸና እንደሆነ በአንድ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ጥሬ መረጃውን ሳትነኩ በአንድ ሺት፣ ያጸዳችሁትን በሌላ፣ ያወጣችኋቸውን ረድፎች ከነምክንያታቸው በሦስተኛ ሺት አድርጋችሁ ፋይሉን ይዛችሁ ግቡ።